ላልተሠራ ዕቃ የሚፈረም ውል

ጨረታ ያለውን ዕቃ ለመግዛት ጥሩ ዘዴ ነው። ገና ያልተፈጠረ ዕቃ ሲሆን ግን ዝርዝሩን ማን ይጽፈዋል? አሜሪካኖች ለዚህ ያበጁት «ሌላ ግብይት» የሚሉት ውል አብዛኛው የመንግሥት ግዥ ደንብ አይመለከተውም፤ ሁለቱ ወገኖች ተደራድረው ይቀርጹታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ለናሳ ተፈቀደ፣ በ1989 ለመከላከያው የምርምር ተቋም ለዳርፓ፣ በ1993 ደግሞ ለጦር መሣሪያ ናሙና ሥራ።

«ያለ ጨረታ ከሆነማ ያለ ሕግ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አይደለም። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ሥራው በደረሰበት ደረጃ ልክ ነው። ለናሙና ሥራ ከመከላከያ ጋር እምብዛም ያልሠራ ድርጅት ጉልህ ድርሻ እንዲኖረው ይፈለጋል፤ አለዚያ በመደበኛው ቢያንስ ሲሶው ወጪ ከመንግሥት ካዝና ውጭ መምጣት አለበት። ናሙናው ሲሳካ፣ መጀመሪያ በውድድር የተሰጠ ከሆነ፣ ያለ አዲስ ጨረታ ወደ ብዛት ምርት መሻገር ይቻላል። የጅማ ቡና ነጋዴ መኪና ሙሉ ቡና ከመግዛቱ በፊት ናሙናውን አስቆልቶ እንደሚቀምሰው ነው። ካልጣመው ይሄዳል፤ ማንም ሌባ አይለውም።

እዚህ ጅማ፣ በቾ ቦሬ የማውቀው አንድ በያጅ የቡና መፈልፈያ እንዲሠራ ተጠይቆ ነበር። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ ማንም ሠርቶት ለማያውቅ ማሽን፣ የብሎኑን ውፍረት ሳይቀር ዘርዝሮ ሲፒኦ አስይዝ አለው። «ጋሼ፣ እኔ ራሴ ሳልሞክረው በምን አውቀዋለሁ?» አለኝ። እንዲህ እያደረጋችሁ «የአገር ውስጥ ፈጠራ የለም» አትበሉ!

ያልተሠራ ዕቃ ለማሠራት ግን አገራችን እንግዳ አይደለችም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን የቅድስት ክሪሾና ሚሲዮን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ ሥሩ አሏቸው። እንደ ዋልድማየር ያሉት ሙያው የለንም ብለው ነበር። ሙከራው ከሽፎ እንደገና ተጀመረ፣ ሲሳካም ሽልማት መጣ። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚያ ሥራ ጫፍ ነው። (ቸርችል ጎዳና፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ፎቶ የምትነሡበት ቅጂው ነው፤ ዋናው መቅደላ ነው ያለው።) ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻና በ1868 መጀመሪያ መንገድ እያስጠረጉ በሰው ጉልበት አስጎትተው ወደ መቅደላ አደረሱት።

ናሙና ማሠራቱ፣ ዳግም የመሞከር ዕድሉ፣ ሽልማቱ ሁሉ ጋፋት ላይ ነበሩ። የጎደለው የስምምነቱ ሌላ ጎን ነው፦ ሠሪው «በቃኝ» ብሎ መውጣት አይችልም ነበር። ባለሙያዎቹ ከአገር የወጡት፣ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. ከሞቱ በኋላ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነው።