ከጦር ሜዳ እስከ ችሎት፦ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች

ጆርጅ ፖርተር የእኛም ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት የኮሪያ ጦርነት የተዋጋ አሜሪካዊ ነው። ኩኑሪና ቺፕዮንግኒ በተባሉት ደም አፋሳሽ ውጊያዎች ተሰልፏል፤ ሁለት ጊዜ ቆስሏል። እ.ኤ.አ. በ1986 ፍሎሪዳ ውስጥ የቀድሞ ፍቅረኛውንና አብሯት የነበረውን ሰው ገደለ፤ በኋላ ሞት ሲፈረድበት ግን ስለዚህ ሁሉ የተነገረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጠበቃው የውትድርና ማኅደሩን አላስመጣም፤ ቤተሰቡንም አላነጋገረም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 የሞት ፍርዱ እንዲጸና የተሰጠውን ውሳኔ ሻረ። ፖርተር ነፃ ነው አላለም፤ ዕድሜ ልኩን ያሳለፈው ሳይሰማ በሞት መቀጣቱን ግን አልተቀበለውም።

ጦርነት አእምሮን እንደሚያቆስል ከጥንትም የታወቀ ቢሆንም፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከተለውን የአእምሮ ጭንቀት፣ «ፒቲኤስዲ»ን፣ በሕመምነት የመዘገበው የቬትናም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በ1980 ነው። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2008 ባወጣው ዘገባ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ከተመለሱት አምስት ወታደሮች አንዱ ገደማ የዚህ ሕመም ወይም የከባድ ድባቴ ምልክት እንዳለበት ገመተ። ሕክምና የፈለጉት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ሕመሙ ሲኖሩበት እንዲህ ነው፦ መንገድ ላይ የወደቀ ፌስታል የተቀበረ ቦምብ ይመስላል፤ መሪ ይጠመዘዛል። ሌሊቱ አልነጋ ይላል፤ ለእንቅልፍ ተብሎ መጠጥ ይጀመራል። ከዚያ ጠጥቶ ማሽከርከር፣ ጠብ፣ ቤት ውስጥ እጅ ማንሳት ይከተላል።

ይህ ማለት ግን የተዋጋ ሁሉ አደገኛ ነው ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ ሰላማዊ ኑሮ ይኖራሉ። በ2012 የወጣ ጥናት ለእስር ቅርብ ሆነው ያገኛቸው ሕመሙ ከኃይለኛ ቁጣ ጋር የተዳበለባቸውን እንዲሁም መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ የሚያበዙትን ነው። በ2011 እና 2012 በአሜሪካ እስር ቤቶች 181,500 ያህል የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ፤ ከታራሚው 8 በመቶ መሆናቸው ነው። ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው በባለሙያ ተነግሯቸዋል።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ የተጀመረው ከችሎት ኮሪደር ነው። በኒውዮርክ ግዛት፣ በበፋሎ ከተማ፣ ዳኛ ሮበርት ራስል ፊት የቀረበ አንድ የቬትናም ዘማች አንገቱን ደፍቶ መልስ አልሰጥ ይላል። ዳኛው በችሎቱ የነበሩ ሁለት የቬትናም ዘማቾች ወጣ ብለው እንዲያነጋግሩት ጠየቁ። ሰውየው ሲመለስ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሕክምናውን በርትቶ እንደሚከታተልም ተናገረ። በ2008 ራስል የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ ብቻ የሚያይ የሕክምና ችሎት ከፈቱ፤ ዛሬ አምሳያዎቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ተከሳሹ በዳኛው ፊት እየተመላለሰ ይታከማል፣ የዕፅ ምርመራ ይደረግለታል፤ በጎ ፈቃደኛ የሆነ ሌላ ዘማች ከጎኑ ይቆማል። ከፈጸመ ክሱ ሊቀርለት ወይም ሊቀልለት ይችላል።

ትችትም አለ። ዩኒፎርም ለብሶ ስለማያውቅ ብቻ ሌላው ሕመምተኛ ለምን ይቀርበታል? የተደበደበች ሚስትስ ደኅንነቷን ማን ይጠብቃል? ሁለቱም መልስ የሚሹ ናቸው። ከሁሉ የከፋው ግን በመጥፎ ሥነ ምግባር ከሠራዊቱ የተባረረው ሰው ዕጣ ነው፦ ያስባረረው ጠባይ ራሱ የሕመሙ ምልክት ሊሆን ሲችል፣ መባረሩ የመንግሥትን ሕክምና ሊያስነፍገው ይችላል። ይህ መታረም አለበት።

ጉዳዩ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ይነካል። የአሜሪካ ጦር ከ2009 ጀምሮ ዜግነት የሌላቸውን ቋንቋ አዋቂዎች ሲመለምል አማርኛ ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ልጅዎ ወይም ወንድምዎ አገልግሎ ከሆነና ከተከሰሰ፣ በሐፍረት አይደብቁት፤ ለጠበቃው በመጀመሪያው ቀን ይንገሩ። ራሱን ይጎዳል ብለው ከሰጉ በአሜሪካ 988 ደውለው 1 ቁጥርን ይጫኑ፤ መስመሩ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፣ ቤተሰብም መደወል ይችላል።