የልብ ምት መዛባት ከባል ወደ ሚስት ይጋባልን?

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ ወይም የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት እንዳሉ አድርገው ያስቡ። ባልየው ከጥቂት ወራት ወዲህ ልቡ በድንገት እየዘለለ፣ ላብ እያጠመቀው ከእንቅልፉ ይባንናል። ሐኪም ዘንድ ቀርቦ የልብ ምቱ መዛባቱ ተነግሮት፣ ክኒን ታዞለት ተመልሷል። ሚስቲቱ እሱን ስታስታምም ከርማ፣ አንድ ቀን ምጣድ ጥዳ ሳለች የእሷም ልብ ድው ድው ይልባታል። እጇን ደረቷ ላይ አሳርፋ «እትዬ፣ የሱ በሽታ ሳይጋባብኝ አልቀረም» ብትል፣ ጎረቤቲቱ «እንግዲያው መኝታ ለዩ» ትላታለች። ሌላዋ ደግሞ «ምን አደከመሽ፣ ከሱ ክኒን ግማሹን ዋጥ አድርጊና ተኚ» ስትል ትመክራለች።

ለዚህ ጥርጣሬ ቋንቋችን ራሱ በር የከፈተ ይመስላል፤ ሰዎች ትዳር ሲይዙም «ተጋቡ»፣ በሽታ ሲተላለፍም «ተጋባ» እንላለንና። እንግዲህ ጥያቄውን ሳናድበሰብስ እንመልሰው። የልብ ምት መዛባት አይጋባም። በትንፋሽ፣ በመኝታ፣ በምግብ ዕቃ ወይም በላብ ከአንዱ ወደ ሌላው አይሄድም። ልብ የራሱ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ አለው። ይኸውም በላይኛው ቀኝ ክፍሉ ካለች አንዲት ትንሽ ሥፍራ እየተነሳ ጡንቻውን በተራ በተራ ያስመታዋል። ይህ ትእዛዝ በደም ግፊት፣ በልብ በር ጠባሳ፣ በእንቅርት እጢ መታመም፣ በደም ማነስ፣ በትኩሳት፣ በልዩ ልዩ አነቃቂ ነገሮች ሊታወክ ይችላል። በትውልድ የሚወረሱ ጥቂት ዓይነቶችም አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የሚወርዱት በሥጋ ዝምድና እንጂ በጋብቻ አይደለም። በባልዎ ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት ወድቆ የሞተ ሰው ካለ መመርመር የሚገባቸው የእሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲሁም ልጆቻችሁ ናቸው። ስለሆነም መኝታ የምትለይ ሚስትም ሆነች «የልብ በሽተኛ አገባሁ» ብሎ የሚሸሽ ባል ትዳራቸውን የሚጎዱት በከንቱ ነው።

ሆኖም «አይጋባም» ብሎ ነገሩን እዚያው ዘግቶ መሄድም ስህተት ነው። ባልና ሚስት አንድ ማዕድ ይቆርሳሉ፤ አንድ ጨው ይቀምሳሉ፤ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ አየር ይተነፍሳሉ። አንዱን ያሳመመው ነገር ከቤት ውስጥ የሚመነጭ ከሆነ ሌላውንም ሊያገኘው ይችላል።

ለዚህ በዓለም የታወቀው ምሳሌ የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት የነበሩት የአባትየው ጆርጅ ቡሽና የባለቤታቸው የባርባራ ነገር ነው። ባርባራ ቡሽ በ1981 ዓ.ም. ሰውነታቸው እየከሳ፣ ዓይናቸው እያስቸገራቸው ተመርምረው የእንቅርት እጢያቸው ከልክ በላይ እንደሚሠራ ታወቀ። ሕመሙ ግሬቭስ የሚባለው ነበር። ሁለት ዓመት አለፈና በሚያዝያ 1983 ዓ.ም. ባለቤታቸው ካምፕ ዴቪድ በተባለው ማረፊያ ሲሮጡ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ያዛቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ የልባቸው የላይኛው ክፍል በሥርዓት ከመምታት ይልቅ እንደሚርገበገብ ተገኘ። ምክንያቱ ሲፈለግ ያው የሚስታቸው በሽታ ሆነ! በዚያ ወር የእኛ አገር በራሷ ጭንቅ ተይዛ ስለነበር ወሬው እዚህ ብዙ ሰው ጆሮ የደረሰ አይመስለንም።

ይህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ ራሱን እጢ ሲያነሳሳ የሚመጣ እንጂ ተላላፊ አይደለም። ታዲያ ሐኪሞቹ ባልና ሚስቱን መኝታ ለዩ አላሏቸውም። የጠየቁት «ሁለቱ በጋራ የሚጠቀሙት ምንድን ነው?» ብለው ነው፤ ይኖሩባቸው በነበሩ ቤቶች የሚጠጣውን ውሃ ሳይቀር አስመረመሩ። ከውሃው ጥፋተኛ አልተገኘም፤ ነገሩም አጋጣሚ ነው ተብሎ ታለፈ። እኛ ከታሪኩ የምንወስደው ጥያቄውን ነው። በእኛ ቤት ሲጠየቅ ግን መልስ የማይገኝለት አይደለም።

በመጀመሪያ ጨውን እንመልከት። እንቅርት በደጋው አገራችን ከአዮዲን ማነስ የሚመጣ የቆየ ሕመም ሲሆን፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። ቀድሞ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል የሚያልፈው የአሰብ መንገድ አዮዲን ያለው ጨው ያመላልስ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ይህ ተቋረጠና አገሪቱ ፊቷን ወደ አፋሩ አፍዴራ አዞረች፤ ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ያዘዘው ደንብም በ2003 ዓ.ም. ወጣ። አሁን ልብ ይበሉ። ለብዙ ዘመን አዮዲን የተራበ፣ ጓጉሎ የቆየ እንቅርት አዮዲን በድንገት ሲያገኝ አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያለፈ ሆርሞን ማመንጨት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ በተለይ በዕድሜ የገፉ እናቶች ይከሳሉ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሙቀት አልችል ይላሉ፤ ልባቸውም ይሮጣል። ባልም የቆየ እንቅርት ካለው እንዲሁ ሊሆን ይችላል። «ልባችንን ያሳመመው አዲሱ ጨው ነው» ብሎ አዮዲን ወደሌለው ጨው መመለስ ግን ለነፍሰ ጡሯና ለማኅፀኗ ፍሬ ጉዳት ማስከተል ነው፤ የሕፃን አእምሮ ያለ አዮዲን በሚገባ አያድግምና። የሚሻለው አንገቱ ላይ እብጠት ያለው ሰው ልቡ መሮጥ ሲጀምር ተመርምሮ በመድኃኒት መታገዙ ነው። ጨውዎን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ሁለተኛው የከሰል ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ አጥንት ይሰብራል። ቡናው ከተጠጣ በኋላ ፍሙ የቀረበትን ምድጃ «ያሙቀን» ብሎ መኝታ ክፍል አግብቶ በር መዝጋት የብዙ ሰው ልማድ ነው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ጭስ አለመታየቱ የሚያዘናጋውም ለዚህ ነው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ ልብም የጎደለውን ለማሟላት ሲል ይፈጥናል። ባልና ሚስት በአንድ ሌሊት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የልብ መሮጥ ከያዛቸው፣ ሕፃኑም ከነጫነጨ፣ ውጭ ሲወጡ ደግሞ ቀለል ካላቸው፣ ያ የልብ በሽታ መጋባት ሳይሆን የከሰል መርዝ ነው። ወዲያው በርና መስኮት ከፍቶ ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከዚያም ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ሰው ሳይነቃ የሚቀርበትም ጊዜ አለ።

ጫትና ቡናም አሉ። በወሎ ወዳጃም ላይ ይሁን በሌላ ጊዜ በርጫ፣ ጫት የሚቃመው በጋራ ነው፤ ብዙ ቤትም ባልና ሚስት አብረው ይቀመጣሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ልብን ያፈጥናል፤ ደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። በላዩ ላይ ወፍራም ቡናና እንቅልፍ ማጣት ሲጨመር የሁለቱም ልብ ቢሮጥ የሚገርም አይደለም። አቦል፣ ቶናና በረካን እንተው ማለታችን አይደለም፤ በልክ የሚጠጣ ቡና ለአብዛኛው ሰው ልብ ጠንቅ ሆኖ አልተገኘም። ጫት ከተወ ከጥቂት ቀናት በኋላ ልቡ ጸጥ የሚልለት ሰው ግን ምክንያቱን በገዛ ራሱ አግኝቶታል ማለት ነው።

ደም ግፊትም በዚሁ መንገድ የጋራ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በቻይናና በሕንድ በጎልማሳና በአረጋውያን ባለትዳሮች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በእንግሊዝ ከተመረመሩት ጥንዶች 47 ከመቶ በሚሆኑት ውስጥ ባልም ሚስትም ደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ደም ግፊት ደግሞ የልብ ምትን ከሚያዛቡት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ባልዎ ደም ግፊት አለበት ከተባለ እርስዎም ይለኩ።

በአገራችን የወጣቶችን ልብ ከሚጎዱት ሕመሞች ዋነኛው ከቶንሲል የሚነሳው ነው። እዚህ ላይ የሚተላለፍ ነገር አለ፤ የሚተላለፈው ግን ጉሮሮን የሚያሳምመው ተህዋስ እንጂ የልቡ ሕመም አይደለም። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚተኛበት ቤት ይህ ተህዋስ ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። በሚገባ ያልታከመ ልጅ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያው ሊያብጥ፣ የልቡም በሮች ሊቆስሉ ይችላሉ። ጠባሳው የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ለብዙ ሴቶች ደግሞ በእርግዝና ወራት። እርጉዝ ሴት የደሟ መጠን በግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ የጠበበው የልብ በር አልችል ሲል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ጋደም ማለት ያቅታታል፤ ልቧም ይርገበገባል። «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» እየተባለች ቤት የምትቀመጥ እናት ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። የልጅዎን ቶንሲል በጤና ጣቢያ ያሳክሙ። እንጥል ማስቆረጥ ልብን አይጠብቅም፤ ደም ያፈሳል፤ ያመረቅዛልም። ልባቸው አስቀድሞ የተጎዳ ልጆች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጉት የፔኒሲሊን መርፌ መቋረጥ የለበትም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር መላክ ግድ ነበር። ዛሬም ቢሆን ከቀዶ ሕክምናው መርፌው ይቀላል።

ስለ ድንጋጤ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ በከተሞቹ የነበረ ሁሉ የልብ መምታት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ ልባቸው የሚሸሽ ባልና ሚስት አሉ። ጭንቀት በእርግጥ ልብን ያፈጥናል፤ አንዱ ሲባንንም ሌላው ይባንናል። ነገር ግን «ከድንጋጤ ነው» የሚለው ቃል መነገር ያለበት ከምርመራ በኋላ ነው። በየጊዜው የምንሰማው ግን ከምርመራ በፊት፣ ያውም ለሴቶች ሲነገር ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን የክኒኑ ነገር ነው። የባልዎ ሕመም የእርስዎ እንዳልሆነ ሁሉ የባልዎ ክኒንም የእርስዎ አይደለም። ልብን ለማቀዝቀዝ የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል አስም ያለባት ሴት ብትወስደው ትንፋሿን ሊዘጋው ይችላል። ዲጎክሲን የሚያድነውና የሚመርዘው መጠን እጅግ ተቀራራቢ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን ደግሞ ደም ያፈሳል፤ ላልተወለደው ሕፃንም ጠንቅ ነው፤ ሴት ደግሞ መጀመሪያ ላይ መፀነሷን ላታውቅ ትችላለች። በተቃራኒውም ያው ነው፤ ሚስት ለእንቅርቷ የታዘዘላትን ባል መቅመስ የለበትም። አንደኛው ልቡ የሮጠው በደም ማነስ፣ ሁለተኛው በእንቅርት ሊሆን ይችላልና መድኃኒቱ ለየቅል ነው።

ከመሄድዎ በፊት ቤትዎ ሆነው ሊሠሩት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። ሌባ ጣትዎንና መሀል ጣትዎን በሌላው እጅዎ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት ግርጌ በኩል ያሳርፉ። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ካረፉ በኋላ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው ደሴ እንደገቡ፣ ወይም እንጀራ ጋግረው እንደጨረሱ አይቁጠሩ፤ ያኔ የማንም ልብ ይፈጥናል። ለአዋቂ ከ60 እስከ 100 ያለው ደንበኛ ነው። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አመታቱንም ያዳምጡ፤ ምቱ አንዱ ከአንዱ ጋር የማይስማማ፣ አንዴ ቸኮል አንዴ ዘግየት የሚል ከሆነ በደብተር ይጻፉት። ለባልዎም ለእርስዎም ለየብቻ ለአንድ ሳምንት፣ ጧትና ማታ። በዕለቱ ጫት እንደነበረ፣ ከሰል ቤት ገብቶ እንደሆነ፣ የወር አበባ በብዛት ፈሶ እንደሆነ ከጎኑ ይመዝገብ። ከዚያም ሁለታችሁም ደብተሩንና የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራና የእንቅርት ደም ምርመራ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ይጽፉላችኋል።

ደረት የሚጨመድድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ተኝቶ መተንፈስ ማቃት፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፣ አርፈውም ሳለ ከ120 በላይ ሆኖ አልመለስ የሚል ምት ከታየ ግን ደብተር የሚጻፍበት ጊዜ አይደለም፤ በሌሊትም ቢሆን ጎረቤት ቀስቅሶ፣ መኪና ፈልጎ መውጣት ነው። የባልዎን ክኒን ደግሞ ዛሬውኑ ልጆች ከማይደርሱበት፣ እርስዎም በጨለማ ለራስ ምታት መድኃኒት ብለው ከማይሳሳቱበት ቦታ ለይተው ያስቀምጡት።