ትንንሽና ትልልቅ ልጆች በአንድ መጫወቻ ስፍራ፦ ጉዳትን እንዴት መከላከል ይቻላል?

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች የአገራችን ከተሞች፣ በተለይ ከኮሪደር ልማት ጋር ተያይዞ፣ በመንገድ ዳርና በመናፈሻዎች ውስጥ አዳዲስ የልጆች መጫወቻዎች እየተሠሩ ነው። ይህ ለልጆች ጤና መልካም ዜና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ደግሞ በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ አካላቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ግቢ በሌለው ቤትና በኮንዶሚኒየም ለሚያድግ ልጅ ይህን ያህል መሮጫ ማግኘት ቀላል አይደለም።

አዲስ መጫወቻ በተከፈተ ሰሞን ግን ሁሉም ልጅ በአንድ ጊዜ ይመጣል። የ2 ዓመቷ ሕፃንና የ11 ዓመቱ ልጅ በአንድ ሸርተቴ ላይ ይገናኛሉ። የትንንሾቹ ወላጆች «ትልልቆቹ ይውጡልን» ይላሉ፤ ትልልቆቹም «እኛስ የት እንጫወት?» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ለምን ይጎዳሉ?

ትልቁ ልጅ ባለጌ፣ ትንሹ ደግሞ ቀዥቃዣ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሁለቱ አካልና አእምሮ የተለያየ ደረጃ ላይ ስለሚገኝ ነው።

• የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅና ከባድ ነው። ስለዚህ ሚዛኑን በቀላሉ ይስታል፤ ሲወድቅም ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ይመታል።
• ዥዋዥዌው ተመልሶ እንደሚመጣ አስቀድሞ መገመት አይችልም። ኳሱ ወይም እናቱ ማዶ ካለች በቀጥታ ያቋርጣል።
• የ2 ዓመት ልጅ «ተራ መጠበቅ» የሚባለውን ገና አልተረዳም። ይህን ቀስ በቀስ የሚማረው ከ3 እና 4 ዓመት በኋላ ነው።
• ትልቁ ልጅ ክብደትና ፍጥነት አለው። በሩጫ ላይ እያለ ሕፃን ፊቱ ድቅን ቢልበት ወዲያው መቆም አይችልም።

የትኛው መጫወቻ ለየትኛው ዕድሜ?

የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን ለሕዝብ መጫወቻዎች ባወጣው መመሪያ ልጆችን በሦስት ይከፍላል፦ ከ6 እስከ 23 ወር፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት እና ከ5 እስከ 12 ዓመት። ይህ አከፋፈል ለእኛም ይጠቅማል።

• ከ2 ዓመት በታች፦ አሸዋ፣ ዝቅ ያለ ሸርተቴ፣ ዙሪያውን ደግፎ የሚይዝ ወንበር ያለው ዥዋዥዌ።
• ከ2 እስከ 5 ዓመት፦ አጭር መሰላል፣ ዝቅ ያለ መወጣጫ፣ ጎንና ጎኑ ከፍ ያለ ሸርተቴ።
• ከ5 እስከ 12 ዓመት፦ ረጅም ሸርተቴ፣ የገመድ መወጣጫ፣ በእጅ እየተንጠለጠሉ የሚያልፉበት ብረት።

የዕድሜ ምልክት ከሌለ አንድ ቀላል መለኪያ አለ፦ ልጁ ራሱ መውጣት ያልቻለበት ነገር ላይ አንስተው አያስቀምጡት። መውጣት የሚያስችል ጉልበት ያልነበረው ልጅ በሰላም ለመውረድ የሚያስፈልገውም ሚዛን ላይኖረው ይችላል።

ትልልቆቹን ማባረር መፍትሔ አይደለም

ከመጫወቻ የተባረረ የ10 ዓመት ልጅ ቤቱ አይቀመጥም፤ ኳሱን ይዞ ወደ መኪና መንገድ ይወጣል። ይህ ደግሞ ከሸርተቴ መውደቅ በእጅጉ የከፋ አደጋ ነው። የሚሻለው ቦታውንና ሰዓቱን መከፋፈል ነው።

በቦታ፦ ስፍራው ሰፊ ከሆነ የትንንሾቹ ጥግ ከዥዋዥዌና ከኳስ ራቅ ይበል። ገና በዕቅድ ላይ ያለ መጫወቻ ከሆነ ነዋሪዎች ይህን አስቀድመው ለወረዳው ቢያሳስቡ መልካም ነው፤ ከተሠራ በኋላ መለየት ከባድ ነው።

በሰዓት፦ ትልልቆቹ ትምህርት ቤት በሚውሉበት ጊዜ ስፍራው ለትንንሾቹ ይመቻል። ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት የትልልቆቹ ይሁን። ቅዳሜና እሑድ ጠዋቱን ለትንንሾቹ፣ ከሰዓት በኋላውን ለትልልቆቹ ለማድረግ የአካባቢው ወላጆች ሊስማሙ ይችላሉ።

በደንብ፦ ሦስት አጭር ሕጎች ይበቃሉ። በሸርተቴ አንድ በአንድ፣ በመሰላሉ ወጥቶ በሸርተቴው መውረድ፣ ከዥዋዥዌ ፊትና ኋላ አለመቆም። ሕጉን ትልልቆቹ ራሳቸው እንዲያወጡት ቢደረግ ደግሞ የበለጠ ያከብሩታል።

ታላቅ ታናሹን ይዞ እንዲሄድ መላክ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ነገር ግን የ8 ዓመት ልጅ ጨዋታ ሲይዘው ታናሹን ይረሳል፤ ይህ የዕድሜው ባሕርይ ስለሆነ ሊወቀስ አይገባም። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ በክንድ ርቀት ላይ የሚገኝ አዋቂ ያስፈልገዋል።

ወላጆች ሊጠነቀቋቸው የሚገቡ ነገሮች

• ልጅን ጭንዎ ላይ አስቀምጠው አይንሸራተቱ። የልጁ እግር የሸርተቴው ጠርዝ ላይ ቢያዝ የእርስዎ ክብደት ወደ ታች ይገፋዋል፤ የቅልጥሙ አጥንት የሚሰበረው በዚህ መንገድ ነው። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ፍጥነቱም ክብደቱም ትንሽ ስለሆነ አደጋው ይቀንስ ነበር።
• ሕፃንን በአንድ እጁ ጎትተው ወይም አንጠልጥለው አያንሱት። በተለይ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ልጆች ክርን ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ታላላቆቹም ይህን እንዲያውቁ ይንገሯቸው።
• ሻርፕና ገመድ ያለው ሹራብ ያውልቁለት። የአንገት ማተብ ካለው ልብሱ ውስጥ ያስገቡለት። ተንጠልጥሎ የሚያዝ ነገር ልጅን ሊያንቅ ይችላል።
• ፀሐይ የመታው ብረት ወይም ፕላስቲክ የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል። አስቀድመው በእጅዎ ይንኩት።
• መሬቱን ይመልከቱ። ኮንክሪት፣ አስፋልትና የተጠቀጠቀ አፈር የወደቀን ልጅ አያድኑም። ወፍራም አሸዋ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ለዚሁ የተሠራ የጎማ ንጣፍ ይሻላል።
• ስፋታቸው ከ9 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ክፍተቶች አደገኛ ናቸው፤ የትንሽ ልጅ ሰውነት አልፎ ጭንቅላቱ ሊቀረቀር ይችላል።

ልጅ ቢወድቅ ምን ያድርጉ?

ጭንቅላቱን ከተመታ፦ ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ያለ ወትሮው እንቅልፍ ከተጫነው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ንግግሩ ወይም አካሄዱ ከተቀየረ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውሃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ምልክት ባይታይም ቢመረመር ይሻላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል። አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው አያንቀሳቅሱት።

እጁን ወይም እግሩን ከተጎዳ፦ ባለበት ሁኔታ ደግፈው ይያዙት። አይሹት፣ አይጎትቱት፣ ለማስተካከል አይሞክሩ። አምባርና ቀለበት ካለው እብጠቱ ሳይጨምር ያውልቁ። እጁ ወይም እግሩ ከተጣመመ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል እስኪታይ ድረስ ምግብና መጠጥ አይስጡት።

ብዙ ቤተሰብ በቅድሚያ ወደ ወጌሻ ይሄዳል። እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ከመንጠልጠያ ብረት በእጁ ተደግፎ የወደቀ ልጅ ከክርኑ በላይ ያለው አጥንት ሊሰበር ይችላል፤ በዚያ በኩል ደግሞ የእጁ ዋና የደም ሥርና ነርቮች ያልፋሉ። ስብራቱ ሲያብጥ በሸምበቆ ወይም በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ደም ወደ ጣቶቹ መሄድ ያቆማል። ጡንቻው ይሞታል፤ በአገራችን በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። የታሰረ ልጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ጣቶቹን ሲዘረጉለት ከፍተኛ ሕመም ከተሰማው እሰሩን ወዲያውኑ ፈተው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ጠዋትን መጠበቅ አይገባም፤ በሰዓታት ውስጥ የሚወሰን ጉዳይ ነው።

እብጠት ሳይኖረው እጁን ማንቀሳቀስ እምቢ ያለ ሕፃን ክርኑ ተንሸራትቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ባለሙያ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይመልሰዋል፤ ቤት ውስጥ ግን አይሞክሩት።

ልጅ ሲጫወት ጉልበቱ ይላጣል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል፤ ይህ የማደግ አካል ነው። ዕድሜን፣ ቦታንና ሰዓትን በመለየት ልንከላከለው የሚገባን ከባዱን ጉዳት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ልጅዎን ይዘው ሲሄዱ ከጎንዎ ካሉት ወላጆች ጋር ስለ ሰዓት አከፋፈሉ ይነጋገሩ።