ያረጁ የጨርቅ አሻንጉሊቶችን ስለ መጠገን



በሀገራችን በብዙ ቤት ለልጆች መጫወቻ የሚሆን የጨርቅ አሻንጉሊት በእናቶች፥ በአያቶችና በታላላቅ እኅቶች እጅ ሲሠራ ኖሯል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ከአሮጌ ነጠላ ወይም ከአቡጀዲ የተረፈ እራፊ፥ ጥቂት ባዘቶ፥ መርፌና ክር፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁን የሚወድ ሰው ነው። ዛሬ ከሱቅ የሚገዛው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ስለ በዛ፥ በእጅ የተሠራው በሣጥን ውስጥ ተረስቶ ይቀራል፤ ሲቀደድም ይጣላል። እኔ በእጅ ሥራ ክበባችን ውስጥ እንደነዚህ ያሉትን አሻንጉሊቶች መጠገን ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ እስካሁን የተማርሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

የጨርቅ አሻንጉሊት ዕድሜ የሌለው ነገር ይመስላል። ነገር ግን በለንደን ከተማ በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ በሮማውያን ዘመን በግብፅ ሀገር የተሠራች አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት ትገኛለች። የተገኘችው ኦክሲሪንኩስ በሚባለው ጥንታዊ ከተማ ሲሆን፥ የተሠራችውም ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ1ኛው እስከ 5ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አካሏ ከተልባ እግር ጨርቅ የተሰፋ ነው፤ ሆዷም በእራፊ ጨርቅና በፓፒረስ ቁራጭ ተሞልቷል። ይህን ያህል ዘመን የኖረችው የተሠራችበት ጨርቅ ከሌላው የጠነከረ ስለ ሆነ ሳይሆን፥ በደረቅ ምድር ስለ ተቀበረች ነው። ከዚህም የምንማረው የጨርቅ ትልቁ ጠላት እርጥበት መሆኑን ነው።

እንግዲህ ማንኛውም ጠጋኝ መርፌውን ከማንሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል፤ ይኸውም «ይህች አሻንጉሊት የምትጠገነው ለጨዋታ ነው ወይስ ለመታሰቢያ?» የሚል ነው። ለጨዋታ ከሆነ ጥንካሬና ንጽሕና ይቀድማል፤ የላላው ይጠብቃል፥ ያለቀው ጨርቅም ይለወጣል። ለመታሰቢያ ከሆነ ግን የቀድሞው ሠሪ እጅ ያረፈበት ሁሉ ባለበት ይቆያል፤ ጠጋኙ የሚጨምረው እንዳትፈርስ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የተጀመረ ሥራ ሁለቱንም ያሳጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

አንደኛ፤ ምርመራ።

አሻንጉሊቷን በነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝቶ በቂ ብርሃን ባለበት ስፍራ መመልከት ያስፈልጋል። በውስጧ ስፒል ወይም የተሰበረ መርፌ ተረስቶ እንደ ሆነ በጣት ቀስ ብሎ በመዳበስ ይታወቃል። ብረት ሲዝግ ጨርቁን ያበሰብሳል፥ የልጅም እጅ ይወጋልና ወዲያው መውጣት አለበት። ቀጥሎም ብል መኖሩን ማየት ነው። ጨርቁን የሚበላው የሚበርረው ብል ሳይሆን ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው፤ እርሱም የሚመርጠው ንጹሑን ጥጥ ሳይሆን የበግ ጠጕርና ሐር ነው። ስለዚህ የአሻንጉሊቷ ጠጕር ከሱፍ ክር የተሠራ ከሆነ ምርመራው ከዚያ ይጀምራል። ብል ከተገኘ አሻንጉሊቷን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ፥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይበቃል። ከወጣች በኋላም ከረጢቱ እስከ ማግሥቱ ሳይከፈት መቆየት ይገባዋል፤ አለዚያ ጤዛ በጨርቁ ላይ ያርፋል።

ሁለተኛ፤ ማጽዳት።

መጀመሪያ አቧራውን በደረቅና በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ነው። ውሃ የሚነካት ቀለሙ የማይለቅ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ይህም የሚታወቀው በማይታይ ቦታ ላይ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ በመያዝ ነው። ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ መታጠቡ ይቅር። ሆዷ ሳይወጣ አሻንጉሊትን መንከር አይገባም፤ በውስጡ ያለው ጥጥ ቶሎ ስለማይደርቅ ይሻግታል። ውስጡ ከወጣ በኋላ ጨርቁን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ማጠብ፥ ሳይጨምቁ በፎጣ መሐል ጫን ጫን እያደረጉ ውሃውን ማስወጣትና በጥላ ዘርግቶ ማድረቅ መልካም ነው። በረኪና ግን ጨርቁን ቢያነጣውም የጥጡን ጭረት ስለሚያደክመው ለአሮጌ ጨርቅ አይሆንም።

ሦስተኛ፤ ሆዷን መሙላት።

ጥጥ ከብዙ ዘመን በኋላ ይጓጉላል፤ አንገቷ የሚዘነበለውም በአንገት ያለው ጥጥ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። እናቶቻችን ጥጡን በመዳመጫ ዳምጠው ፍሬውን ያወጣሉ፥ በደጋን ይነድፋሉ፥ ከዚያም አባዝተው በእንዝርት ይፈትላሉ። ለአሻንጉሊት የሚሆነው ከመፈተል በፊት ያለው ባዘቶ ነው። የቀድሞው ጥጥ ንጹሕ ከሆነ በጣት አፍታትቶ መልሶ መጠቀም ይቻላል። አሞላሉም ከእግርና ከእጅ ጫፍ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ የጠቀጠቀ ሰው አሮጌውን ስፌት ይተረትረዋል።

አራተኛ፤ ስፌት።

አሮጌ ጨርቅ የሚሰፋው ከራሱ በማይጠነክር ክር ነው። የናይለን ክር ጠንካራ በመሆኑ የደከመውን ጨርቅ እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ቀጭን የጥጥ ክር ይመረጣል። ቀዳዳው የሰፋ እንደ ሆነ እራፊውን ከላይ ከመለጠፍ ይልቅ ከሥር አስገብቶ ዳር ዳሩን በጥቃቅን ስፌት መያዝ ይሻላል። ለዚህም ብዙ ጊዜ የታጠበ አሮጌ ነጠላ ከአዲስ ጨርቅ ይበልጣል፤ ልስላሴውም ቀለሙም ከአሮጌው ጋር ይስማማልና።

አምስተኛ፤ ፊት።

የሥራው ሁሉ አስቸጋሪ ክፍል ይህ ነው። በቤታችን አያቴ ለእናቴ በልጅነቷ የሠሩላት አሻንጉሊት አለች። አያቴ ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። አሻንጉሊቷ ስትጠገን ግራ ዓይኗ ጠፍቶ፥ አንድ እጇም ተቀዶ ነበር፤ በቀይ ክር የተጠለፈው አፏም ወደ አንድ ወገን ጠመም ያለ ነው። የአራት ዓመት እኅቴ እንድትጫወትባት ጠየቀች፤ እናቴ ደግሞ አንድ ክር እንኳ እንዳይነካባት ፈለገች። አንዱን አፍርሶ አዲስ ፊት መጥለፍ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ያ የጠመመ አፍ የአያቴ እጅ የጻፈው ነውና ሁለተኛ አይገኝም። ጨርቁን በመስኮት ብርሃን አንጻር ስንይዘው የጠፋው ዓይን የተሰፋባቸው የመርፌ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ታዩ። በእናቴ ፈቃድ በእነዚሁ ቀዳዳዎች ብቻ አዲስ ክር አሳለፍሁ፤ አፉን አልነካሁትም።

ለእኅቴ ደግሞ ሌላ መንገድ ተገኘ። ጨርቁ ከጥጡ ተለይቶ ሳለ ቅርጹን በወረቀት ላይ ነድፌ ስለ ነበር፥ በዚያው ልክ አዲስ አሻንጉሊት ሰፋንላት። ዓይኗንም በቁልፍ ፈንታ በክር ጠለፍነው፤ ቁልፍ ቢነቀል ትንሽ ልጅ ውጦት ሊታነቅ ይችላልና። እናቴም በዚህ ጊዜ አፉን በራሷ እጅ ጠለፈች፤ እርሱም እንደ ቀድሞው ጠመም ብሎ ወጣ።

ስድስተኛ፤ አቀማመጥ።

የተጠገነች አሻንጉሊት በታጠበ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ፥ ደረቅና ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ብትቀመጥ መልካም ነው። ፀሐይ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ የታሸገ ፕላስቲክም እርጥበት ይይዛል። ናፍታሊን ደግሞ ለሕፃናት መርዝ ስለ ሆነ መጫወቻ ባለበት ሣጥን ውስጥ አይገባም። በየሦስት ወሩ አውጥቶ ማየትና ማናፈስ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

በመጨረሻም ጓደኞቼን አንድ ነገር አሳስባለሁ። በቤታችሁ እንደዚህ ያለ አሻንጉሊት ካለ፥ ማን እንደ ሠራው፥ ለማን እንደ ተሠራና ከምን ልብስ እንደ ተቈረጠ ጠይቃችሁ በትንሽ ወረቀት ላይ ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡ። የተቀደደ ጨርቅ በመርፌ ይጠገናል፤ ያልተጠየቀ ታሪክ ግን ባለቤቱ ካረፈ በኋላ የሚጠግነው አይገኝም። ስለዚህ ሠሪዎቹ በሕይወት ሳሉ ዛሬውኑ ጠይቁ በማለት ጽሑፌን እደመድማለሁ።