7፡45 እና 7.45

በሰዓት የሚከፈለው ሰው የክፍያ ወረቀቱ ሲደርሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ገንዘቡ ላይ ነው። ከገንዘቡ በፊት ግን የሠራው ሰዓት የተጻፈባትን ቁጥር ማየት አለበት። 7.75 የሚል ካለ ሰባት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ማለት ነው፤ ሶፍትዌሩ ደቂቃውን ለ60 አካፍሎ በአስርዮሽ ያስቀምጠዋልና። ቅጹን በእጁ የሚሞላ ሰው 7፡45ን 7.45 ብሎ ቢጽፈው በአንድ ቀን 18 ደቂቃ ከሰረ።

ይህኛው እንኳ አስተዋይ የሒሳብ ሠራተኛ ካለ ይያዛል። ማንም ሳይሳሳት የሚጠፋው ደቂቃ ግን ይብሳል። 20 ደቂቃ ለ60 ሲካፈል 0.3333 እያለ ይቀጥላል እንጂ አያልቅም፤ 10 ብርን ለሦስት ልጆች እኩል ማካፈል ማለት ነው። ከነጥቡ በኋላ ሁለት ቤት የሚይዝ ፕሮግራም በትክክል ሊጽፋቸው የሚችለው ለ3 የሚካፈሉትን ደቂቃዎች ብቻ ነው። ሌሎቹ በሙሉ ይጠጋጋሉ። አምስት ቤትም ስድስት ቤትም ቢጨመር ልዩነቱ ይቀጥናል እንጂ አይጠፋም፤ 60 ለ3 ይካፈላል፣ 10 አይካፈልም።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ማጠጋጋቱ መቼ ይደረጋል የሚለው ነው። አምስት ቀን፣ በየቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የሠራች ሴት በሳምንቱ 41 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሠርታለች፤ በአስርዮሽ 41.67። ሶፍትዌሩ በየዕለቱ 8.33 እያደረገ ከደመረላት 41.65 ታገኛለች። አንድ ቤት ብቻ ከያዘና 8.3 ካለ ደግሞ 41.5 ይሆናል፤ አሥር ደቂቃ ሄደ። አሜሪካ ውስጥ በብዙው ሥራ ከ40 ሰዓት በላይ ያለው በአንድ ተኩል ስለሚከፈል የሄደው ውዱ አሥር ደቂቃ ነው። ደህና ፕሮግራም ደቂቃውን እንዳለ ይዞ ይቆይና መጨረሻ ላይ አንዴ ያጠጋጋል።

ሆን ተብሎ የሚደረግ ማጠጋጋትም አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ አሠሪው የመግቢያና የመውጫ ሰዓትን ወደ ቅርቡ 5 ደቂቃ፣ 6 ደቂቃ ወይም ሩብ ሰዓት እንዲያጠጋጋ ይፈቅዳል፤ በጊዜ ብዛት ሠራተኛው የሠራበትን በሙሉ እስካገኘ ድረስ። በሩብ ሰዓቱ አሠራር እስከ 7 ደቂቃ ያለው ይቆረጣል፣ ከ8 ጀምሮ ወደ 15 ያድጋል። ሲያዩት ሚዛኑ እኩል ይመስላል። ማርፈድ በሚያስቀጣበት ቤት ግን ማን ያረፍዳል? 6 ደቂቃ ቀድሞ ፓንች ያደረገው፣ ማለትም መግቢያውን በሰዓት መመዝገቢያው ያስመዘገበው፣ 6ቱንም ያጣል፤ 6 ደቂቃ ዘግይቶ ማካካስ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ያስጽፍበታል። እኔን ከጠየቃችሁ ሚዛኑ የተዛባው ሒሳቡ ሳይጀመር ነው።

ካሊፎርኒያ በዚህ ነገር ጠንከር ብላለች። በ2021 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ የምሳ ሰዓትን ማጠጋጋት ከለከለ። በቀረበለት ጉዳይ ሥርዓቱ የሚያጠጋጋው ወደ ቅርቡ 10 ደቂቃ ነበር፤ በአሜሪካ ሰዓት 11፡02 ወጥቶ 11፡25 የተመለሰ ሰው 11፡00 እና 11፡30 ተብሎ ይመዘገባል። የ23 ደቂቃው ምሳ ሕጉ የሚጠይቀውን 30 ደቂቃ ሞልቶ ቁጭ አለ! በ2022 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ ሠራተኛ የሆም ዲፖን መደብሮች በከሰሰበት ጉዳይ፣ ደቂቃውን በትክክል የያዘ አሠሪ በያዘው ልክ ይክፈል አለ። ሠራተኛው በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ያጣው 470 ደቂቃ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ሊመረምረው ተቀበለ።

የራስዎን ለማወቅ የክፍያ ክፍሉን ያልተነካውን የፓንች መዝገብ ይጠይቁ። በክፍያ ወረቀቱ ላይ የየቀኑ ሰዓት ሳምንት ከሳምንት .00፣ .25፣ .50 ወይም .75 ብቻ እያለ የሚያልቅ ከሆነ ሩብ ሰዓት እየተጠጋጋብዎ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ደቂቃ በደቂቃ ያወዳድሩ።