ከመሊክ ቀለም ሥር

በካርቱም የዓባይ ዳር ጎዳና፣ ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ የሸራ ጀልባ ክበብ አለ። ከክበቡ ግቢ ደረቅ መሬት ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ረጅም የብረት ቤት ተቀምጧል። በረንዳ አለው፣ ደረጃ አለው፣ ለብዙ ዓመታትም የክበቡ ቤት ሆኖ አገልግሏል። ግድግዳውን ተከትሎ እስከ ጫፍ የሄደ ሰው ግን ብረቱ እየጠበበ ሄዶ እንደ ማረሻ ሲሾል ያያል። ቤት ይህን አይነት ጫፍ የለውም። ይህች መርከብ ናት፤ ስሟም መሊክ።

አሮጌ የብረት ጀልባ አድሶ ለመቀባት የተነሳ አማተር መጀመሪያ የሚፈተነው ቶሎ የቀለም ቆርቆሮ ለመክፈት በሚያድርበት ጉጉት ነው። ነጭ ቀለም ያረጀውን ሁሉ ባንድ ከሰዓት ያሳምራል፤ ዝገቱ ግን ከሥሩ መብላቱን አያቆምም። ስለዚህ መዶሻ ይቀድማል። ላሜራውን በየስንዝሩ ቀስ አድርጎ መምታት ነው፦ ደህና ብረት ይጮኻል፣ የሳሳው ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ መፋቂያ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፤ የተበላውን ቆርጦ በብየዳ መተካት፤ አንቲረስት ደጋግሞ መቀባት፤ የላዩ ቀለም መጨረሻ ላይ። መሊክን ይህን ያህል ዘመን ካቆያት ነገር አንዱ የካርቱም አየር ነው። ደረቅ ነው፣ ዝናቡም ትንሽ ነው፣ ወንዙም ጨው የለውም። ጠላቷ ያለው ከሥር ነው፤ ሆዷ እርጥብ አፈር የሚነካበት ቦታ።

ይህ የመዶሻ ሥራ ግን ከዝገት ሌላ ጥያቄም ያስነሳል። 44 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት መርከብ ሆዷ ለምን ጠፍጣፋ ሆነ? ውኃ ውስጥ የምትጠልቀው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ወገብ የማያልፍ ውኃ ይበቃታል ማለት ነው። ሁለቱ የሚገፏት መዘውሮችስ ለምን ወደ ውጭ እንደመውጣት ከሆዷ በታች በተሠራ ዋሻ ውስጥ ተሸሸጉ? አካሏስ ለምን በየክፍሉ ተሠርቶ የተገጣጠመ ሆነ?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች ወንዙ ራሱ ዘንድ ናቸው። ዓባይ በበጋ ሲጎድል አሸዋው ከውኃው በታች ይነሳል፤ ጥልቅ መርከብ ይያዛል፣ የተጋለጠ መዘውርም ይሰበራል። ሦስተኛው ግን ወደ ሩቅ ይወስዳል፣ ለንደን ወዳለው የቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ቺዝዊክ ወደነበረው የቶርኒክሮፍት የመርከብ ፋብሪካ። መሊክ እ.ኤ.አ. በ1896 ለእንግሊዝ የሱዳን ዘመቻ የታዘዘች የጦር ጀልባ ናት። ክፍል በክፍል ተፈታትታ ግብፅ ደረሰች፣ ዓባይን ሽቅብ ወጣች፣ ከዚያ በባቡር ተጫነች። ባቡሩም ለዚሁ ዘመቻ የተዘረጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1897 ከዋዲ ሃልፋ ተነስቶ ውኃ በሌለው በረሃ ላይ እየተነጠፈ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ አቡ ሐመድ ደረሰ። መርከቢቱ ከበርበር አቅራቢያ አባዲያ ላይ እንደገና ተገጣጥማ ወንዝ ገባች። ካፒቴኗ ሜጀር ጎርደን ይባላል፤ ማህዲስቶች፣ ማለትም የሱዳኑ የማህዲ ተከታዮች፣ ጥር 19 ቀን 1877 ዓ.ም. ካርቱምን ሲይዙ የገደሉት የእንግሊዙ የጄኔራል ጎርደን የወንድም ልጅ ነው። ነሐሴ 28 ቀን 1890 ዓ.ም. ከኦምዱርማን በስተሰሜን ካራሪ ላይ ጦርነቱ ሲሆን መሊክ ከሌሎቹ የጦር ጀልባዎች ጋር ከወንዙ ላይ ሆና ትተኩስ ነበር። በዚያ አንድ ጠዋት ከአሥር ሺህ የማያንሱ የማህዲ ተተኪ የኸሊፋ አብዱላሂ ተዋጊዎች ሞቱ፤ የዘመቻው አዛዥ የኪችነር ጦር የሞተበት ሰው ሃምሳ እንኳ አይሞላም። ከጦርነቱ በኋላ የማህዲን መቃብር የማፍረሱ ሥራም የተሰጠው ለዚያው ለወንድም ልጅ ነው።

ብዙ ሰው የመሊክን ታሪክ እዚህ ላይ ይጨርሰዋል፤ የእንግሊዝና የሱዳን ጉዳይ አድርጎ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የታዘዘችበት ዓመት ነው። 1896። ለኢትዮጵያዊ ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ያን ዓመት ለንደን ውስጥ ለዓባይ የጦር ጀልባ ማሠራት ለምን አስፈለገ? ጎርደን ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል፤ ደሙን ለመበቀል ቢሆን ኖሮ እንግሊዞች ይህን ያህል ባልቆዩ ነበር።

መልሱ በቀናት ልዩነት ይገኛል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ ካቢኔ ጦሩ ወደ ዶንጎላ እንዲዘምት የወሰነው መጋቢት 4 ነው። በመካከል ያለው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። ከሰላን ይዞ የነበረውን የጣሊያን ጦር ከምዕራብ ማህዲስቶች ከበቡት፣ ከደቡብ ደግሞ የምኒልክ ጦር ዋናውን የጣሊያን ሠራዊት ሰበረው። ሮም ለንደንን ማህዲስቶችን ከወዲያ በኩል ወጥራ እንድትይዝላት ለመነች፤ ለንደንም ለራሷ ስትል ተነሳች። ምኒልክና ኸሊፋው እንዳይስማሙ ትፈራ ነበር። ግንቦት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሮድ ጋር በተፈረመው ውል ለማህዲስቶች መሣሪያ እንዳያልፍ የሚል ቃል ማስገባቷም ከዚሁ ፍርሃት የመጣ ነው። ዘመቻው እያደገ ሄዶ ከዶንጎላ አልፎ ኦምዱርማን ደረሰ፤ መሊክም ለዚያ የተሠራች ናት። ዓድዋ ባይኖር ሱዳን ከመያዝ ትድን ነበር አልልም፤ እንግሊዝ ግብፅን ይዛ ዓባይን ለዘላለም አትተወውም ነበር። የተነሳችበት ሰዓት ግን የዓድዋ ሰዓት ነው፤ በዚህ አልጠራጠርም።

ከዚህ በኋላ ኦምዱርማን የሚለው ስምም ለእኛ ሌላ ይሆናል። ጎንደርን በ1880 ዓ.ም. ያቃጠለው ጦር የዚያች የማህዲስቶች መናገሻ ጦር ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የቆሰሉት ዐፄ ዮሐንስ በማግስቱ ሞተው፣ ራሳቸው ተቆርጦ የተወሰደው ወደዚያው ነው። የመሊክ መድፍ ለእኛ ደም አልተበቀለም፤ ያጨዳቸውም ለአገራቸው ነጻነት የቆሙ ሰዎች ነበሩ። ይህችን መርከብ ሳስብ ደስታ አይሰማኝም። ሐዘኑም ታሪኩም ግን የእኛም ጭምር ነው።

የመሊክ ቀሪ ዕድሜ ጸጥታ የበዛበት ነው። ከ1926 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የክበቡ ቤት ሆና ወንዙ ዳር ታሰረች። በ1939 (እ.ኤ.አ.) «አራቱ ላባዎች» በተባለው ፊልም ላይ ታየች። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ካርቱም ገብተው፣ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ በኩል አገራቸውን እስኪረግጡ እዚያ ሲጠባበቁ እሷ እዚያው ወንዝ ላይ ነበረች። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የጥቁር ዓባይ ጎርፍ አንስቶ የብስ ላይ አስቀመጣት። ጎርፉን የላከው የእኛ ደጋ ክረምት ነው። በ1990ዎቹም (እ.ኤ.አ.) ወዳጆቿ በእንግሊዝ ማኅበር አቋቁመው ትጠገን ዘንድ መሥራት ጀመሩ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ካርቱም ውስጥ ሲፈነዳ ያ የዓባይ ዳር ሁሉ የተኩስ ቦታ ሆነ። ከተማዋ ስትጠገን ሆስፒታሉና የሰው ቤት ይቅደም፤ ይህ አያከራክርም። ለመሊክ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ሥራ ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሆዷ በታች ያለውን እርጥብ አፈር ማውጣት፣ ወገቧ እንዳይጎብጥ በየመሀሉ እኩል መደገፍ፣ ላሜራዋን በመዶሻ ማዳመጥ፣ መፋቅ፣ አንቲረስት መቀባት። ይህን ሁሉ ትዕግሥት ያላቸው አማተሮች ይችሉታል፤ ካርቱም ውስጥ በጋራዥና በብየዳ ቤት የኖሩ ሐበሾች ደግሞ አሳምረው ይችሉታል። ነጩ ቀለም በመጨረሻ ይመጣል። እሱ ሲመጣ ክፍሎቿ የተጋጠሙበትን መስመር ስቱኮ እንዳይደፍነው እለምናለሁ፤ ቺዝዊክ ላይ የተሠሩት፣ በረሃ አቋርጠው አባዲያ ላይ የተገናኙት ክፍሎች እዚያ ላይ ነው የሚታዩት። አጠገቧም ሰሌዳ የሚቆም ከሆነ ከካራሪ ቀን በፊት የዓድዋ ቀን ይጻፍበት።