የጃፓን ማዮኔዝ በቢቸና ጓዳ

«ዛሬስ ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ እንቁላል ሲመታ አየሁ!» አለች አክስቴ፣ ጎረቤት ሊሰማው በሚችል ድምፅ። ቢቸና ነን። ፋሲካ ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። ሁለት እንቁላል ሰብሬ አስኳሉን ከነጩ ለይቻለሁ፤ በቀኝ እጄ በሹካ እየመታሁ በግራዬ ዘይት ጠብታ በጠብታ አንጠባጥባለሁ። ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ ከርሜ በስተመጨረሻ እጄ የገባው ሥራ ይኼው ነው፤ ሞጣ ላይ የድንች ጥብስ ለሚሸጥ ጓደኛዬ ማዮኔዝ መሥራት።

አክስቴ ጠጋ ብላ ሳህኑን አየች። ቀጭን ቢጫ የነበረው ነገር እየነጣና እየወፈረ ነው። «እኛ ዕድሜ ልካችንን ቅቤውን ከአሬራው ለመለየት ስንገፋ ኖርን፤ አንተ ደግሞ ዘይቱን ከውኃው ልታጋባ?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ስልኬ ላይ ካየኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ የእሷ ማብራሪያ ይበልጣል። ወተት ውስጥ ስቡ በጥቃቅን ጠብታ ተበትኖ ነው የሚኖረው። ሲገፋ ጠብታዎቹ እየተጋጩ ይያያዛሉ፣ ቅቤ ይወጣል። ማዮኔዝ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብዙ ዘይት ሰባብሮ በትንሽ ውኃ ውስጥ መበተን፣ ከዚያ ጠብታዎቹ ተመልሰው እንዳይገናኙ መጠበቅ። ጠባቂው አስኳል ውስጥ ያለው ሌሲቲን የሚባል ነገር ነው (የአስኳሉ ፕሮቲኖችም ያግዙታል)። አንዱ ጫፉ ውኃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ስብ። በእኛ ቋንቋ ደላላ ነው። ሁለት የማይነጋገሩ ወገኖችን አስማምቶ ያኖራል፤ ኮሚሽን ግን አይጠይቅም።

ዘይቱን በአንዴ ከገለበጣችሁበት ደላላው ለሁሉም አይደርስም። ዘይቱ ለብቻው ይንሳፈፋል፣ የቀረው ደግሞ እንደተበላሸ እርጎ ይሆናል። እንደዚያ ሲሆን አትድፉት። በሌላ ሳህን አዲስ አስኳል ምቱና የተበላሸውን ልክ እንደ ዘይት ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ጨምሩበት፤ ይመለሳል። እኔ ይህን ሳላውቅ መጀመሪያ ቀን ሁለት ጊዜ ደፍቻለሁ። አክስቴ ግን እስከ ዛሬ የምታነሳብኝ ዘይቱን ነው እንጂ እንቁላሉን አይደለም።

ለምን የጃፓኑ? ጓደኛዬም የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር። በየበርገር ቤቱ የለመድነው ማዮኔዝ ብዙ ጊዜ ከሙሉ እንቁላል የሚሠራ ነው። የጃፓኑ አስኳል ብቻ ነው የሚገባበት፤ ስለዚህ ወፍራምና ቢጫ ነው፣ ኮምጠጥ ጣፈጥ ይላል፣ ትንሹ ለብዙ ድንች ይበቃል። ይህን ያስጀመረው ቶይቺሮ ናካሺማ የሚባል ሰው ነው። በመንግሥት ሠልጣኝነት ወደ ውጭ ተልኮ አሜሪካ ውስጥ ማዮኔዝ ቀመሰ። አገሩ ሲመለስ የወገኖቹን አካል የሚያጠነክር ገንቢ ምግብ እንዲሆን ብሎ አስኳሉን አብዝቶ በ1925 እ.ኤ.አ. ኪውፒ በሚል ስም ገበያ ላይ አዋለው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ሲደርሱ ይህ ማዮኔዝ ስድስት ዓመቱ ነበር ማለት ነው። ያኔ አዲስ አበባ ላይ «እንደ ጃፓን እንሠልጥን» የሚሉ ምሁራን የነበሩበት ዘመን ነው። እኔ ከዘጠና ዓመት በኋላ በማዮኔዝ በኩል ነው የገባሁበት።

ሌላው የጃፓኖች ምስጢር ጣዕሙ ነው። ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በ1908 እ.ኤ.አ. ከባሕር አረም ሾርባ ውስጥ ግሉታሜት የሚባለውን ቅመም ለይቶ አወጣ። ጣዕሙንም ኡማሚ አለው። ኪውፒ ውስጥ ይህ ቅመም አለ። ቢቸና ሱቅ ገብታችሁ ግሉታሜት ብትሉ ባለሱቁ በሽታ የያዛችሁ ይመስለዋል፤ ግን የሾርባ ኪዩብ ስጠኝ ካላችሁት ያው ግሉታሜት እጃችሁ ገባ። የአንድ ኪዩብ ሩቡን አድቅቃችሁ በአንድ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ማሟሟት ነው። ጨዋማ ስለሆነ ሌላ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ። በሩዝ ኮምጣጤው ፈንታ አቼቶ ከትንሽ ስኳር ጋር ይበቃል። ሰናፍጭ ደግሞ ከእኛው ጓዳ አይጠፋም፤ ጣዕም መስጠት ብቻ ሳይሆን ደላላውንም ያግዘዋል።

ዘይቱ ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። የጃፓን ማዮኔዝ ከመቶ ሰባ እጁ ገደማ ዘይት ነው። ስለዚህ የማዮኔዝን ዋጋ የሚወስነው ዶሮዋ አይደለችም፣ ዘይቱ ነው። ዘይቱን ደግሞ የሚወስነው ዶላር ነው፤ አገራችን ከምትበላው ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፣ ፓልሙ በተለይ ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሄደ። ክፍል ውስጥ ይህን በሰንጠረዥ ተምሬዋለሁ። በደንብ የገባኝ ግን አንድ ጠርሙስ ዘይት ይዤ ጠብታ ስቆጥር ነው።

መጀመሪያ በርካሹ፣ በሚረጋው የፓልም ዘይት ሞከርኩ። ማታ ሲሠራ ቆንጆ ነበር። ቢቸና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ስነሳ ዘይቱ ረግቶ ማዮኔዙ ተሰነጣጥቆ ጠበቀኝ። ጠብታው ሲረጋ ደላላው የያዘውን ይለቃል። የኑግ ዘይትም ሞክሬያለሁ፤ የአገራችን ነው፣ ጎጃም በኑግ አይታማም። ብቻውን ሲሆን ግን ጠረኑ ከበድ ይላል፣ መልኩም ይጠቁራል። ከአራት እጅ አንዱን ኑግ፣ ሦስቱን የታሸገ የሱፍ ዘይት ሳደርገው ግን የተጠበሰ እህል የመሰለ መልካም መዓዛ አመጣ፤ እኔ እንዲያውም ከጃፓኑ አስበልጠዋለሁ። ሰው ሲሰማኝ ያፌዝብኛል፣ ቢሆንም አልመልሰውም። አንድ የሚቆጨኝ ነገር ቢኖር፣ ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. ትልቁ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ተመርቆልን፣ ገበሬው ኑግ እየዘራ፣ እኔ አሁንም ከሱቅ የማነሳው ጠርሙስ ባሕር ተሻግሮ የመጣ መሆኑ ነው።

ልኬቱ ይህን ይመስላል፦ ሁለት አስኳል፣ አንድ ማንኪያ ተኩል አቼቶ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት፣ ያው የኪዩቡ ውኃ፣ ቁንጥር ስኳር፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ተኩል ያህል ዘይት። እንቁላሉ ከቀዝቃዛ ቦታ ከሆነ የመጣው ትንሽ ይቆይ። የመጀመሪያው ሩብ ዘይት በጠብታ፣ ከዚያ በኋላ በቀጭኑ ማፍሰስ ይቻላል። ነጩን አትጣሉት። ጃፓኖች ነጩን ለኬክና ለዓሣ ምግብ ሠሪዎች ይሸጡታል፣ ቅርፊቱን ሳይቀር ፈጭተው ለእርሻ መሬት ማዳበሪያ ያደርጉታል። አክስቴ ደግሞ በሽንኩርትና በቃሪያ ፍርፍር ታደርገዋለች።

አሁን ወደ ሞጣው ጉዳይ።

መንገዱ ክፍት በነበረ አንድ ቀን ሁለት ጠርሙስ ሙሉ ማዮኔዝ በፌስታል ጠቅልዬ በሚኒባስ ሄድኩ። በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ፣ እንቁላል ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ጓደኛዬ ከጎኑ ካለው ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠው። የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ሸጠ። ማታ መብራት ጠፋ። በነጋታውም አልመጣም። እኔ ቢቸና ተመልሼ ነበር፤ ደወለልኝ።

«አሸተትኩት፣ ምንም አልሆነም። ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፣ ልሽጠው?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ማዮኔዙን የሠራሁት በጥሬ አስኳል ነው። ጃፓን ውስጥ ሰው ጥሬ እንቁላል በትኩስ ሩዝ ላይ ሰብሮ ይበላል፤ እንቁላሉ ግን ታጥቦ፣ ተመርምሮ፣ በጥሬው እስከ መቼ እንደሚበላ ቀን ተጽፎበት ነው የሚሸጠው። የእኔ እንቁላል ከገበያ፣ ከጭድ ውስጥ የመጣ፣ አንዳንዱ ኩስ የነካው ነው፤ መቼ እንደተጣለ የምታውቀው ዶሮዋ ብቻ ናት። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ አይሸትም፣ መልክ አይቀይርም። አቼቶው ይጎዳዋል፤ ግን እኔ አሲዱን የምለካበት መሣሪያ የለኝም። የልጆች ትምህርት ቤት አጠገብ ነው የጓደኛዬ ጋሪ።

ሒሳቡን ሠራሁ፤ ልማዴ ነው። ዘይቱ የወጣ ወጪ ነው፣ ብሸጠውም ብደፋውም የገዛሁበት ገንዘብ አይመለስም። የሚቀረው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ምን አገኛለሁ፣ ምን አጣለሁ የሚል ነው። በአንድ በኩል የአንድ ቀን ሽያጭ፣ በሌላ በኩል የአንድ ሕፃን ሆድ። «ድፋው» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ ለድንቹ ዳጣ አደርግበታለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሦስት ቀን አልደወለልኝም።

በእነዚያ ቀናት ስለ ናካሺማ ያነበብኩት አንድ ነገር ትዝ ይለኝ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥሬ ዕቃ ሲጠፋ የኪውፒ ምርት ቆመ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ቶሎ አልጀመረም፤ ዳግም የወጣው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ዓመታት! እኛ ሦስት ቀን ነው ያኮረፍነው።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ አስኳሉን ማብሰል። ሁለቱን አስኳል ከአቼቶውና ከሁለት ማንኪያ ውኃ ጋር በሳህን አድርጋችሁ፣ የፈላ ውኃ ባለበት ድስት አፍ ላይ አስቀምጣችሁ ያለማቋረጥ ማማሰል። የሳህኑ ቂጥ ውኃውን አይንካ። 71 ዲግሪ ሲደርስ ባክቴሪያው ይሞታል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ እንደ ቀጭን አጥሚት ወፍሮ ማንኪያው ጀርባ ላይ ሲለጠፍና ጣት ብታሳልፉበት መስመሩ ሳይደፈን ሲቀር ነው። በእኛ ደጋ ውኃ ራሱ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ እሳቱ ትንሽ ይታገሣል፤ ግን ከዘነጋችሁት ፍርፍር ነው የሚሆነው። ወዲያው ሳህኑን ቀዝቃዛ ውኃ ላይ አስቀምጡ። በደንብ ሳይበርድ ዘይት አትጀምሩ። ከዚያ ያው ነው፣ ጠብ ጠብ። አቼቶው መኖሩ አስኳሉ ቶሎ እንዳይቋጠር ያደርጋል። በዚህ መልክ የተሠራውም ቢሆን ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ፍሪጅ ከሌለ በሠራችሁበት ቀን ይለቅ። አሁን ጓደኛዬ ራሱ ሞጣ ላይ በየጠዋቱ አንድ ጠርሙስ ብቻ ይሠራል። በስልክ ነው ያስተማርኩት፤ 2015 ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ከቆየ ወዲህ ቪዲዮ ልላክልህ ማለት ለእኛ ትርጉሙ ሌላ ሆኗል፣ ድምፅ ይሻላል።

የቀረው ችግር ጾም ነው። ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ዶሮዋ አትጾምም፤ ትጥላለች፣ እንቁላሉ ይከማቻል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ የሚበላው ግን የለም። ፋሲካ ሲደርስ ሁሉም ይፈልገዋል፣ ዋጋው ይሰቀላል። ማለትም ማዮኔዝ በርካሽ የሚሠራበት ወቅት ማዮኔዝ የማይሸጥበት ወቅት ነው። የትኛውም የትምህርት ክፍል ይህን ለፈተና ቢያወጣው ደስ ይለኛል።

በዓለ ሃምሳ ሲያልቅ፣ በመጀመሪያው ማክሰኞ ማታ ጓደኛዬ ደወለ። «ነገ ረቡዕ ነው፤ ለሰው ምን ልበል?» እኔ ተዘጋጅቼ ነበር። ሽምብራ የተቀቀለበትን ውኃ ጭልጥ አድርጎ የሚጥል ሰው ሀብቱን እየጣለ ነው። ወፈር እስኪል አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ በሰናፍጭና በአቼቶ እየመታችሁ ዘይት ብታንጠባጥቡበት ያለ እንቁላል ይይዛል። እንደ አስኳሉ አይወፍርም፣ ግን ይይዛል። የቢቸና ጥቁር አፈር ሽምብራ አያሳጣም።

አክስቴ ሽምብራውን ስመታ አየችኝና ወደ ጓዳ ገብታ አንድ ማሰሮ ይዛ ወጣች። ስልጆ ነበር። የሱፍ ውኃ፣ የባቄላ ዱቄት፣ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፤ በእሳት ከወፈረ በኋላ ቀዝቅዞ ሰናፍጩ የገባበት፣ ለቀናት የኮመጠጠ። እኔ ሌሲቲን፣ አሲድ፣ ዲግሪ እያልኩ የምለፋበትን ነገር ሁሉ ይዟል፤ ስቡ ከሱፉ፣ አያያዡ ከባቄላውና ከሰናፍጩ፣ መጠበቂያው ከኮምጣጣነቱ። «ያንተን ነጩን ለጃፓን ላክላቸው» አለችኝ።

ሁለቱንም በጠርሙስ አድርጌ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ላክኩ። ከሰዓት ሳይሆን ጓደኛዬ ደወለ፤ ስልጆው አልቋል፣ የሽምብራው ግማሹ አለ። ለዓርብ ሁለት ጠርሙስ ስልጆ ይፈልጋል። አክስቴ ሱፍ መወደዱን ከወዲሁ ነግራኛለች፤ ሰናፍጩን እኔ እንድገዛም አዝዛኛለች።